መቼ ነው የሚጀምረው?

ዶሃ ከግንቦት ማለቂያ እስከ መስከረም አጋማሽ ዝም የሚል ነገር የላትም። ሰው ዝም ሊል ይችላል፤ ሙቀቱ አፍ ያስይዛል። ኤሲ ግን ዝም አይልም። ዝም ካለ ጉድ ፈልቷል ማለት ነው፤ አምስት ደቂቃ ሳይሞላ የፎቁ ሰው በሙሉ በቁምጣ ኮሪደር ላይ ወጥቶ የሕንጻውን ዘበኛ ይጣራል። እኔ የምኖረው አል መንሱራ ነው፤ አራት ሆነን አንድ ክፍል፣ ሁለት ተደራራቢ አልጋ። የኛ ኤሲ መስኮት ላይ የሚገጠመው ዓይነት ነው። ሲነሳ ያጓራል፣ ከዚያ ወደ አንድ ወጥ እምታ ይገባል፣ በየመሃሉ ደግሞ ምክንያቷን ቴክኒሻኑም ያላወቃት አንዲት ጠቅታ አለችው። ለምደናታል፤ ከዘገየች እንቅልፍ እምቢ ይለናል።

ይህን ሁሉ ያልኩት ስለ ሙዚቃ ላወራ ነው።

የምሠራው ሆቴል ውስጥ፣ ሪሴፕሽን ላይ ነው፤ በአመዛኙ የሌሊት ሺፍት። ሎቢው እብነ በረድ፣ ሽታው ዑድ፣ ከጣሪያው ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ የሆነ ነገር ይንቆረቆራል። አንድ ሌሊት ከአየር ማረፊያ የመጣ ሽበታም እንግሊዛዊ ፓስፖርቱን አቀብሎኝ፣ ፎርሙን እስክሞላለት ወደ ጣሪያው አንጋጦ ቆየና፣

«ኢኖን ነው የከፈታችሁት?» አለኝ።

«ምን ከፈትን ጌታዬ?»

«ሙዚቃውን።»

«ሙዚቃ ተከፍቷል?»

ይቆጣል ስል ሳቀ። «ሰውዬው ቢሰማህ ደስ ይለዋል» ብሎ የክፍሉን ካርድ ይዞ ወደ ሊፍቱ ሄደ። ከራሴ በላይ ወራት ሙሉ ሲጫወት የከረመ ሙዚቃ መኖሩን እንዲህ ከእንግዳ ሰማሁ።

ደስ ይለዋል የተባለው ሰውዬ ብሪያን ኢኖ ነው። በ1948 የተወለደ እንግሊዛዊ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው፤ እዚህ አገር ደሞዝም የሚወጣው በነሱ ነው)። ዊንዶውስ 95 ሲከፈት የሚሰማውን አጭር ድምፅ የሠራው እሱ ነው፤ ስለዚህ በዚያ ዘመን ኢንተርኔት ካፌ የገባ ኢትዮጵያዊ ሁሉ፣ ስሙን ሳያውቅ ሥራውን ሰምቷል። በ1970ዎቹ ማብቂያ «ሙዚቃ ለአየር ማረፊያዎች» የሚል አልበም አወጣ። ዓላማውን ሲያስረዳ፣ ጆሮ ሰጥቶ ለሚያዳምጠውም ትቶት ወሬውን ለሚቀጥለውም እኩል የሚሆን ሙዚቃ ማለቱ ነው። አልበሙ አራት ሥራ አለው። ርዕስ የላቸውም፤ ቁጥር ብቻ። የመጀመሪያው 1/1 ይባላል፣ ወደ 17 ደቂቃ ይሄዳል። ፒያኖው ጥቂት ኖታ ይጥልና ይጠብቃል። ደግሞ ይጥላል። ደግሞ ይጠብቃል። በዚህ መሃል ሰው ቡና አፍልቶ አቦሉን ይጠጣል።

አውርጄ ወደ ክፍሌ ወሰድኩት። አብረውኝ የሚኖሩት ሦስቱ ሰዎች ሾፌሩ፣ ሼፉና የደሴው ልጅ ናቸው። ሾፌሩ የሊሙዚን ነው፤ ሼፉ በእውነቱ የሽንኩርት ከታፊ ነበረ፣ አሁን አድጓል፤ የደሴው ልጅ ሳይት ላይ ይሠራል። የዓርብ ምሳ በልተን ጋደም እንዳልን በብሉቱዝ ስፒከሩ ለቀቅሁት። ለአንድ ሁለት ደቂቃ ማንም አልተናገረም። ከዚያ የደሴው ልጅ ቀና ብሎ፣

«መቼ ነው የሚጀምረው?» አለ።

«ጀምሯል።»

«እሺ ዘፋኙ የት ሄደ?»

«ዘፋኝ የለውም።»

ሼፉ ማስታወቂያ መስሎት ነበር፤ እስኪያልፍ በትዕግሥት ሲጠብቅ ቆይቷል። ሾፌሩ ግን ነገሩን በሕግ ዓይን አየው። አበሻ ከሙዚቃ የሚጠብቀው የታወቀ ነው አለ፤ ወይ ትከሻ ይነካል፣ ወይ እንባ ያመጣል። «ይኼ ትከሻም አልነካ፣ ዓይንም አላረጠበ፤ ታዲያ ምን ሊሠራ መጣ?» ስፒከሩ ተነጠቀና ማድመቂያ ተከፈተ። በድምፅ ብልጫ ተሸነፍኩ፤ ሦስት ለአንድ።

ብቻዬን እንዳላደምጥ ደግሞ ዶሃ ላይ ብቻ መሆን ውድ ነው። ኮርኒሽ ላይ ሞከርኩት፤ ሯጩ፣ መኪናው፣ አንድ ብር የማያህል ሰሌን ዘርግቶ ስምንት ሆኖ የተቀመጠው ቤተሰብ። ካራክ ሻይ በ2 ሪያል ገዝቼ ባሕሩን እያየሁ ጆሮዬ ውስጥ ሰካሁት፤ ሻይ ቤቱ ጋ የቆመው መኪና ሁሉ አስተናጋጅ ለመጥራት ጥሩምባውን ይነፋል። ሜትሮው ይሻላል። ከአል መንሱራ እስከ አል ሪፋ በአረንጓዴው መስመር ቁጭ ብሎ መሄድ ነው፤ እሱም 2 ሪያል። ሾፌር የለውም፣ በራሱ ነው የሚነዳው። ለዚህ ሲባል ሾፌራችን በ2019 ከተከፈተ ጀምሮ አንድ ቀን አልተሳፈረበትም፤ እንጀራዬን ለሚበላ ማሽን 2 ሪያል አልከፍልም ይላል። አቋሙን አከብራለሁ።

በመጨረሻ የተመቸኝ የራሴ አልጋ ነው፣ በቀትር። ከጁን 1 እስከ ሴፕቴምበር 15 ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ተኩል ደጅ ላይ የጉልበት ሥራ ማሠራት በሕግ የተከለከለ ነው። ስለዚህ የደሴው ልጅ ጎህ ሳይቀድ ይወጣና ረፋድ ላይ ላቡን ይዞ ይመለሳል፣ ይወድቃል። ሾፌሩ ሌሊት ስለሚነዳ እሱም ተኝቷል። እኔም ከሺፍት ወጥቻለሁ። ሼፉ ብቻ ሥራ ላይ ነው። ከላይኛው አልጋ ሆኜ ስልኩን ትራሴ ሥር አድርጌ በዝቅተኛው ድምፅ ከፈትኩት። ፒያኖው ኤሲው ውስጥ ሰጠመ። አንዷ ኖታ ብቅ ትላለች፣ ሌላዋ ትዋጣለች። ከፍ ላድርገው እንዳልል ሾፌሩ ከታች ነው፣ እንቅልፉን የነካ ሰው በዚያ ሳምንት የገበያ ተራ ይሰጠዋል። ጆሮ ማዳመጫዬ ደግሞ ቁም ሳጥኑ ላይ ነው፤ ለመውረድ መሰላሉን መርገጥ አለብኝ፣ መሰላሉ ይጮሃል። ተውኩት።

በኋላ ሳነብ ለካ ሙዚቃው ራሱ የተወለደው እንዲሁ ተጋድሞ ነው። በ1975 መጀመሪያ ኢኖን ለንደን ላይ ታክሲ ይገጨዋል። አልጋ ላይ ሳለ አንዲት ጓደኛው የ18ኛውን ክፍለ ዘመን የሃርፕ (የበገና ዓይነት መሣሪያ ነው) ሙዚቃ ሸክላ ይዛለት ትመጣለች። አስከፍቶ ከሄደች በኋላ ነው ድምፁ እጅግ ዝቅ ማለቱን፣ አንደኛው ስፒከርም እንደማይሠራ ያወቀው። ተነሥቶ እንዳያስተካክል አቅም የለውም። ደጅ ዝናብ ይዘንባል። እንግዲህ ሃርፑ ከዝናቡ ጋር ተደባልቆ፣ ግማሹ ተሰምቶ ግማሹ ጠፍቶ ገባለት፤ ሙዚቃ እንዲህ ከክፍሉ ድምፅ እንደ አንዱ ሆኖ ሊኖር ይችላል ማለት ነው ብሎ አሰበ። በዚያው ዓመት ከዚሁ ሐሳብ የመጀመሪያውን አልበም ሠራ። እሱን ያስተኛው ታክሲ ነው፣ እኔን ያስተኛኝ የታክሲ ወንድም ሊሙዚን። ልዩነቱ እሱ አልበም አወጣ፣ እኔ ደግሞ ለማታው ሺፍት ዓይኔ ቀልቶ ገባሁ።

የአየር ማረፊያው አልበም አሠራር በጣም ያስቀኛል። ሁለተኛው ሥራ 2/1 የሰው ድምፅ ነው፤ ቃል የለውም፣ «አ» ብቻ። ኢኖ እያንዳንዱን ድምፅ በቴፕ ክር ቀድቶ የክሩን ጫፍና ጫፍ አጣበቀውና ቀለበት አደረገው። ክሮቹ ከመርዘማቸው የተነሣ በስቱዲዮው የአሉሚኒየም ወንበሮች እግር ዙሪያ ነበር የሚሽከረከሩት። አንዱ በየ23 ሰከንድ ተኩሉ ይመለሳል፣ ሌላው በየ26 ሰከንድ ግድም፣ ሦስተኛው በየ30 ሰከንድ ግድም። ርዝመታቸው ስለማይገጥም ሁልጊዜ በተለያየ ቦታ ይገናኛሉ፣ ይተላለፋሉ። ሰውዬው ክሮቹን ለቆ ዘወር አለ፤ ሙዚቃው ራሱን ሠራ።

ይህን ካወቅሁ ወዲህ ክፍላችንን በሌላ ጆሮ ነው የምሰማው። የኤሲዋ ጠቅታ የራሷ ዙር አላት። ፍሪጁ ሲነሳ ይንቀጠቀጥና ላዩ ላይ ያለውን ብርጭቆ ያንጫርራል፤ የራሱ ዙር አለው። የሾፌሩ ማንኮራፋት ሦስተኛው ነው፤ ይወጣል፣ ይወጣል፣ ጫፍ ላይ ይቆማል፣ ሞተ ስትሉት ይመለሳል። አንዳንዴ ሦስቱ አንድ ላይ ይገጥሙና የደሴው ልጅ በእንቅልፉ «እሺ ፎርማን» ይላል። እንግሊዝ አገር ቢሆን በሸክላ ይታተም ነበር።

ሾፌሩ ሲነቃ ይህን ብነግረው «እኔ አላንኮራፋም» ብሎ ዘጋው። ቀድቼ ባሰማውም አላመነም፤ ኤሲው ነው አለ።

እናቴም ሰምታዋለች። በኢሞ እያወራን ስልኩ ከስፒከሩ ጋር እንደተገናኘ ኖሮ፣

«ከጀርባህ ምንድነው?» አለችኝ።

«ሙዚቃ ነው እማዬ።»

ዝም አለች። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ማን ሞተ?»

አይፈረድባትም። የእናቴ ዘመን ሰው ቃል የሌለው ሙዚቃ ከሬድዮ ተከታትሎ ከሰማ ወይ ትልቅ ሰው አርፏል፣ ወይ መንግሥት ተለውጧል። ቀላሉ ሲመጣ ደግሞ ቴሌቪዥኑ ለተፈጠረው መቋረጥ ይቅርታ ጠይቆ አበባ ለጥፏል። ማንም አልሞተም፣ አየር ማረፊያ ለሚጠብቅ ሰው የተሠራ ሙዚቃ ነው ብዬ አስረዳኋት። «አየር ማረፊያማ ምን ሙዚቃ ያስፈልገዋል፤ ልቅሶው አይበቃም?» አለችኝ።

እናቴ ይህን ስትል ኢኖን መደገፏ እንደሆነ አታውቅም። እሱም ሐሳቡ የመጣለት ኮሎኝ አየር ማረፊያ ቁጭ ብሎ ሲጠብቅ ነው። ሕንጻው ያምራል፣ ጠዋቱ ያምራል፣ የተከፈተው ሙዚቃ ግን የማይረባ ሆነበት። ሰው ለመብረር ሲቀመጥ በሆዱ ሞትን ያስባል፤ በዚያ ሰዓት ከጣሪያ የውሸት ደስታ የሚያዘንብ ሙዚቃ ይባስ ያስፈራዋል የሚል ነው ክርክሩ። በ1980 አልበሙ ኒውዮርክ ላጓርዲያ አየር ማረፊያ አንዱ ተርሚናል ውስጥ በእርግጥም ተከፍቶ ነበር።

የኛው የዶሃው ሐማድ አየር ማረፊያ በ2014 ሲከፈት ግን ሙዚቃ ሳይሆን ድብ ነው የተቀመጠለት። የስዊዘርላንዱ ኡርስ ፊሸር ሥራ ነው፤ ቢጫ የአሻንጉሊት ድብ፣ ቁመቱ 7 ሜትር፣ ጨርቅ ይመስላል እንጂ ነሐስ ነው፣ ከአናቱ የመብራት አምፖል በቅሎበታል። በ2011 ኒውዮርክ ላይ በጨረታ 6.8 ሚሊዮን ዶላር ወጥቶበታል። ዕረፍት የሚሄድ አበሻ ሁሉ እዚያ ሥር ፎቶ ይነሣል። ከመነሣቱ በፊት ግን ሚዛን አለ። የዶሃ–አዲስ አበባ መንገደኛ ከመግቢያው ደጅ ሻንጣውን ከፍቶ ብርድ ልብሱን ወደ እጅ ቦርሳ፣ ጫማውን ወደ እግሩ፣ ሦስት ጃኬት ወደ ገላው ያዛውራል፤ ከዚያ ፕላስተር ይጠቀልላል። ያ የፕላስተር ድምፅ፣ ጥርስ የሚያፋጨው፣ ለኔ የአየር ማረፊያ ሙዚቃ እሱ ነው።

በመድረሻው በኩል ያለው ሌላ ነው። እንግዳ ልቀበል ስሄድ የማያቸው አሉ፤ አዲስ የመጡ ልጃገረዶች፣ ወረቀታቸውን በፕላስቲክ ደረታቸው ላይ ይዘው፣ ወንበር ላይ በሰልፍ ተቀምጠው አሠሪያቸው እስኪመጣ የሚጠብቁ። ስልካቸው ገና ሲም የለውም። አይነሡም፣ ሽንት ቤት አይጠይቁም፤ ስሜ ይጠራና አልሰማም ብለው ይፈራሉ። እንግዳዬን ይዤ ስወጣም እዚያው ናቸው። ኢኖ ያን ቀን ኮሎኝ የጠበቀው አውሮፕላን ነው፤ እነዚህ የሚጠብቁት ሰው ማን እንደሆነ እንኳ አያውቁትም። ለነሱ የሚሆን ሙዚቃ ይሠራ ቢባል የትኛው ኖታ ላይ እንደሚጀመር እንጃ።

አየር ማረፊያ ላይ ስለ መጠበቅ ከኢኖ የበለጠ የሚያውቅ ሙዚቀኛ አለን። ኃይሉ መርጊያ ይባላል። የዋልያስ ባንድ ኪቦርድ ተጫዋች፤ አዲስ አበባ ሂልተን ላይ በሰዓት እላፊ ዘመን፣ የገባ ሰው እስኪነጋ ስለማይወጣ፣ ሌሊቱን ሙሉ ይጫወቱ የነበሩት። ባንዱ በ1981 አሜሪካ ሄደ፣ እሱና ጥቂት ጓደኞቹ ዋሽንግተን ቀሩ። በ1985 ብቻውን ገብቶ ሁሉንም መሣሪያ ራሱ ተጫወተና በካሴት አወጣ፤ «ሸሞንሟናዬ»። አኮርዲዮን፣ ሙግ ሲንተሳይዘር፣ የኤሌክትሪክ ፒያኖ፣ ከሥር ትንሽ የማሽን ከበሮ። ባንድ የለ፣ ጭብጨባ የለ። አኮርዲዮኑ የድሮውን ዜማ ይዞ ማሽኖቹ መሃል ይንከራተታል። ከዚያ መድረኩን ትቶ ታክሲ መንዳት ያዘ፤ ደለስ አየር ማረፊያ፣ ዋሽንግተን። የተሳፋሪ ተራው እስኪደርስ በባትሪ የሚሠራ ኪቦርዱን ከመኪናው ዕቃ መጫኛ ያወጣና የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ ይለማመድ ነበር። ለዓመታት። ካሴቱን አንድ አሜሪካዊ፣ ብራያን ሺምኮቪትስ፣ ባሕር ዳር አገኘውና በ2013 እንደገና አሳተመው። ኃይሉም ወደ መድረክ ተመለሰ፤ በ2018 «ላላ በሉ»፣ በ2020 «የኔ ምርጫ» ወጡ።

ይህን ስከፍትላቸው ክፍሉ ተለወጠ። ዜማውን ያውቁታል። የደሴው ልጅ መቼ እንደሚጀምር አልጠየቀም፤ ሼፉ ሽንኩርት እየላጠ ከጉሮሮው አብሮ አዜመ። ሾፌሩ ግን ታሪኩን ነው የያዘው።

«ስንት ሰዓት ነው ተራ የሚጠብቀው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ።»

«ኪቦርዱ ባትሪው ስንት ሰዓት ይይዛል?»

«አላውቅም አልኩህ።»

«ፖሊስ አይቀጣውም? እዚህ ከመኪና ወርደህ ሁለት ደቂቃ ከቆምክ ካሜራ ያነሣሃል።» ትንሽ አሰበና፣ «እኔም ክራር ነበረኝ እኮ» አለ። አብረን ስንኖር ሰምተነው አናውቅም። ኮምቦልቻ ለወንድሙ ሰጥቶት ነው የመጣው፤ ሻንጣው ከብዶ።

ሼፉን በበገና ልረታው ሞክሬ ነበር። በሁዳዴ ከሥራ መልስ በስልኩ በገና ይከፍታል፤ ጾሙ እስኪፈታ ክፍላችን ሌላ አይሰማም። አሥሩ አውታር፣ በየአውታሩ ሥር የገባችው ቁራጭ ቆዳ የምታወጣው ያ ጥልቅ ንዝረት፣ ያው አንድ ዜማ እየተመላለሰ። «ይኸው አንተም ትሰማ የለ!» አልኩት። «በገና ሲደረደር መቼ ይጀምራል የሚል አለ?»

«በገናው ውስጥ ጸሎት አለ» አለኝ ቢላዋውን ሳያስቀምጥ። «ያንተ ሰውዬ ምን ይለምናል?»

እኔ ይኸው እስከ ዛሬ መልስ እፈልጋለሁ። ሌላውን ክርክር ሁሉ እወጣዋለሁ፣ ይቺን ግን አልቻልኳትም።

በዲሴምበር 18፣ የኳታር ብሔራዊ ቀን፣ ዶሃ አየሯ ሰው በሚመስልበት ወር፣ አራታችንም ፈቃድ ገጠመልን። ሾፌሩ ከጓደኛው ላንድክሩዘር ተዋሰና ከከተማው ወደ ደቡብ ምዕራብ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ወጣን፤ የሚዘፍነው አሸዋ ወዳለበት። ጉብታዎቹ ግማሽ ጨረቃ ቅርጽ አላቸው፤ አንዱ ጎናቸው ዝቅዝቅ ነው። ምስጢሩ አሸዋው ደረቅና እኩል እኩል መሆኑ ነው፤ ሲናድ ቅንጣቶቹ እየተፋተጉ አንድ ላይ ይነዝራሉ፣ ጉብታው ያጉረመርማል። እርጥበት ከነካው ድዳ ነው።

እኛ የሄድን ቀን ደረቅ ነበር። ሾፌሩ ካርቶን ላይ ተቀምጦ ተንሸራተተ፤ ከሥሩ የሆነ ነገር አጓራ። ደነገጠና ሞተሩን ያላጠፋ መስሎት ወደ መኪናው አየ። ከዚያ አራታችንም በሰልፍ ተቀምጠን ወረድን። ድምፁ ከጆሮ አይደለም የሚገባው፤ ከመቀመጫ ይነሣል፣ ወገብ ያልፋል፣ ደረት ላይ ሲደርስ መናገር ያስቅሃል፣ ድምፅህ ይንቀጠቀጣልና። ሼፉ እየተንሸራተተ «ው-ው-ወጥ ቤት ያ-ያለው ፋን!» አለ። ሙሉ ከሰዓት ወጣን፣ ወረድን። ስፒከሩ መኪና ውስጥ ቀረ፤ ማንም ማድመቂያ አልጠየቀም፣ አስታውሶትም አይመስለኝም።

የደሴው ልጅ ቀድቶ ኖሮ ማታውኑ ቲክቶክ ላይ ለቀቀው። ቪዲዮው ላይ የሚታየው አሸዋና የሾፌሩ ጀርባ ነው። ጠዋት ስነሣ ስልኩ ጢም ብሏል፤ ከጅዳ፣ ከቤይሩት፣ ከደሴ፤ ሁሉም የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፤ የዘፈኑን ስምና የዘፋኙን። ሼፉ ስልኩን ተቀብሎ «አዲስ አልበም ነው፣ ሾፌሩ ነው የሠራው» ብሎ ጻፈላቸው። ሾፌሩ መጀመሪያ ተቆጣ፤ ከሰዓት በኋላ ግን ተከታዩ ስንት እንደደረሰ ሲጠይቅ ሰማሁት፤ ማታ ደግሞ ወንድሙ ጋ ደውሎ ስለ ክራሩ አነሣ። ክራሩ ተሸጧል።